ግድግዳው ነቅቷል፤ ባለቤቱስ?

«ግድግዳዬ ነቃ» አለኝ ጎረቤቴ፣ በማለዳ ከአጥሩ በላይ አንገቱን አስግጎ።

«ተመስገን! ከዚያ ቤት አንድ እንኳ ይንቃ እንጂ» አልኩት።

ሳምንት አኮረፈኝ። ኩርፊያው ግን ዕድሜ አላገኘም። በስምንተኛው ቀን የእኔም ቤት ከበሩ ጉበን እስከ ጣራው ክፈፍ ድረስ እንደገና ሰያፍ ተሰነጠቀ። ወሬ የትም አገር ይፈጥናል፤ ነፋስ መውጫ ላይ ደግሞ ነፋሱም ወሬውም በአንድ በር ነው የሚወጡት። በነጋታው ኩርፊያውን ጥሎ ከተፍ አለ።

«እናንተ ቤት አራቱም ማእዘን ነቅቶ አደረ አሉ። ማሕሌት ነበራችሁ?»

የጋይንት ሰው ማሕሌት ሲሉት ዝም አይልም። ቤተልሔምን የሚያህል የድጓ ቤት በአገሩ እያለ በዜማ ነገር እንዴት ይሸነፋል? «አዎ፤ መሪው ግን አንተ ነህ። ያንተ ቤት ቀድሞ ዘመመ፣ የእኛ ተቀበለ» አልኩት። ሳቀ። ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ ሁለታችንም በየተራ የየግድግዳችንን ስንጥቅ በጣት ለካን። የእሱ አንድ ጣት፣ የእኔ አንድ ተኩል። በዚህም በለጥኩት።

ቤቶቻችንን የሠራነው በአንድ ዘመን፣ አንድ ሜዳ ላይ ነው። ሜዳው ዋልካ ነው። ጥቁር ነው፤ በጋ ክንድ የሚያስገባ ንቃቃት ያወጣል፣ ክረምት ጫማ ያስቀራል። ልጆች ሳለን የሽንብራ እሸት የምንሰርቅበት ማሳ ነበር። ምሪት ሲወጣ «መኖሪያ ሰፈር» ተባለ። ስሙ ተለወጠ፤ አፈሩ ግን ስሙ መለወጡን ማንም አልነገረው፣ እስከ ዛሬ የሽንብራ ማሳ ነኝ ብሎ ያምናል።

መላ ፍለጋ ጠላ ቤት ሄድን። (መላ የሚገኘው እዚያ ነው ማለቴ አይደለም። መላ ማጣቱ የሚቀለው እዚያ ነው።) ባለጠላዋ እትዬ ቤት ከእስቴ፣ ከመካነ ኢየሱስ የመጣው አማቼ ተቀምጧል፤ ከጎኑ ለጉዳይ ከወገዳ የወጣ አንድ ስማዴ። እንግዲህ እስቴ፣ ስማዳና ጋይንት አንድ መደብ ላይ ከተቀመጡ ጠላው ባይደፈርስ እንኳ ነገሩ ይደፈርሳል።

«ምነው ፊታችሁ እንዲህ የተሰነጣጠቀው?» አለ ስማዴው።

«ፊታችን አይደለም፣ ግድግዳችን ነው።»

«ምኑ ይገርማል? ጋይንት እንኳን አፈሩ ነፋሱም መውጫ ሲፈልግ የሚኖር አገር ነው።»

ጎረቤቴ ጣሳውን አስቀመጠ። «የእናንተስ አፈር መውጫውን ካገኘ ስንት ዘመኑ! በበሽሎ ገብቶ፣ ከአባይ ተቀላቅሎ ሱዳን ወርዷል። ስማዳ የቀራችሁት እናንተና ድንጋዩ ናችሁ።»

«ልክ ነህ ወንድማለም» አለ ስማዴው፣ ምንም ሳይደነግጥ። «አፈሩ ሄደ፣ ጭንጫው ቀረ። እኔም ቤቴን ጭንጫው ላይ ሠራሁ። ሃያ ክረምት አለፈው፤ እንኳን ግድግዳው ውሻዬም አልነቃ።»

ጎረቤቴ ጣሳውን አነሣ። ሲሸነፍ የሚጠጣው ከሲያሸንፍ ይበልጣል።

ነገሩ ግን ቀልድ ብቻ አይደለም። አፈራችን የጉና እና የመሰሎቹ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ልጅ ነው። ከዳገቱ ላይ ስሱ ስለሚታጠብ ጭንጫው ይቀራል። ዝቅ ያለው ሜዳ ላይ፣ ውሃ በሚተኛበት፣ ያው ድንጋይ በስብሶ ዋልካ ይሆናል። ቀዩ አፈር ያን ያህል አያስቸግርም፤ ጥቁሩ ነው ባለጉዳዩ። በመላ ኢትዮጵያ ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ የዚህ ዓይነት ጥቁር አፈር አለ፤ አዲስ አበባ ቦሌና አቃቂ ላይ ፎቅ የሚያቆሙትም ከዚሁ ዘመዳችን ጋር ነው የሚከራከሩት። ከስማዳ የሚታጠበው ደግሞ ሕዳሴ ግድብ ውሃ መያዝ ከጀመረ ወዲህ አብዛኛው ጉባ ላይ ይተኛል እንጂ እንደ ድሮው ሱዳን ገብቶ ጡብ አይሆንም። ይህን ብነግረው ስማዴው «እንኳን ከአገር አልወጣ» አለ።

አማቼ እስከዚህ ድረስ ዝም ብሎ ነበር። እስቴ ዝም ካለ እየጫነ ነው።

«መሠረትን ለእኛ ለእስቴዎች ማንም አያስተምረንም» ብሎ ጀመረ። «አፄ ፋሲል ራሳቸው አስተምረውን ሄደዋል። ወደ ሞጣ ስትሻገር አባይ ላይ ያለው ድልድይ 300 ዓመት አልፎት እግሮቹ ፍንክች አላሉም።»

«ስሙ ማን ነበር?» አለ ጎረቤቴ።

«ሰባራ ድልድይ።»

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። አማቼ ግን እጁን አወዛወዘ። «ሳቁ፣ ሳቁ! የሰበሩት አርበኞች ናቸው፤ የጣሊያን ጦር እንዳይሻገር መሐሉን አፈረሱት። ሰባራ ተባለ እንጂ ሰማጭ አልተባለም። እግሮቹ ዐለት ላይ ናቸው። የእናንተን ቤት የትኛው አርበኛ ነው ያፈረሰው?»

እውነቱን ነው። ያ የኖራና የድንጋይ ድልድይ መሐሉ ከተቆረጠ በኋላ ስንት ዓመት ሰው በገመድ እየተጎተተ ተሻግሮበታል። የዛሬ ሃያ ምናምን ዓመት ክፍተቱ ላይ ብረት ተዘርግቶለት ነበር፤ ብረቱን ጎርፍ ወሰደው። የአሁኑን ብረት ወስዶ የድሮውን እግር መውሰድ ያቃተው ጎርፍ እንዴት ያለ ትሑት ጎርፍ ነው!

ጋይንት ግን በእስቴ አይረታም። «በእኛ አፈር ላይ ሴባስቶፖል አልፏል!» አልኩ ደረቴን ነፍቼ። «አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩት ወደ 7 ቶን የሚጠጋ መድፍ፣ በሰው ትከሻና በገመድ ጋይንትን አቋርጦ ነው መቅደላ የደረሰ። አፈራችን ሴባስቶፖልን ከተሸከመ የኔን ብሎኬት እንዴት ያቅተዋል?»

«መቼ ነው ያለፈው?» አለ ስማዴው።

«በ1860 ዓ.ም.።»

«ወሩን ነው የጠየቅኩህ።»

ዝም አልኩ።

«ልንገርህ። መስከረም መጨረሻ ጥቅምት መግቢያ ላይ ከደብረ ታቦር ተነሡ፣ መጋቢት ላይ መቅደላ ገቡ። በጋውን ሙሉ ነው የጎተቱት። ንጉሡ ዋልካን ያውቁታል፤ እንግሊዝን ሊገጥሙ የወጡት ሰውዬ ሐምሌ ላይ የጋይንትን ጭቃ አልገጠሙም።»

ይህንን ሲለኝ ከሁሉ በላይ ያቃጠለኝ ልክ መሆኑ ነው። ደግሞም ስሌቱ በእኔ ላይ ነው የሚፈርደው። ዋልካ ውሃ ጠጥቶ ሲያብጥ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 10 ቶንና ከዚያም በላይ ግፊት ሊያሳድር ይችላል። ሴባስቶፖልን ካሬው ላይ ብታስቀምጥበት ተሸክሞ ይነሣል ማለት ነው። የእኔ ባለ አንድ ወለል ቤት መሠረቱን የሚጫነው ከዚህ ያነሰ ነው። እኔ ቤቱ መሬቱን ተቀምጦበታል ስል፣ መሬቱ ቤቱን እንደ ሕፃን ያነሣዋል፣ ያስቀምጠዋል። በጋ ያስቀምጠዋል፣ ክረምት ያነሣዋል። ልጅ እንኳ እንዲህ ሲያደርጉት ያለቅሳል።

የአፈሩ ተንኮል ከውስጡ ነው። ይህ ጥቁር ሸክላ በዓይን የማይታይ ስስ ቅጠል በቅጠል ሆኖ፣ መሶብ ውስጥ እንደተደራረበ እንጀራ ነው የተሠራው። ውሃ በየእንጀራው መካከል ይገባና ያራርቀዋል። ሲደርቅ ይወጣና እንጀራው እንደገና ይጠጋጋል። ማመን ያቃተው በእትዬ ሲኒ እንደሞከርኩት ይሞክር፤ የደረቀ ዋልካ ወቅጦ፣ በወንፊት ነፍቶ፣ አንድ ሲኒ ለክቶ ውሃ በሞላ ብርጭቆ ውስጥ ቀስ እያለ ይነስንሰውና አንድ ሌሊት ይተወው። በነጋታው ሲለካው ሲኒ ተኩል ከሆነ ይጠንቀቅ። ሁለት ሲኒ ከሞላ ምሪቱን ለሽንብራ ይመልሰው፤ ወይም የሚቀጥለውን በደንብ ያንብብ። የእኔ ሁለት ሲኒ ሞልቶ ተረፈ። እትዬም ሲኒዋን አየች፣ እኔን አየች፣ «ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ሲኒ ቡና የምትጠጣው አንተ ነህ» አለችኝ።

ቀጥሎ የገባው ግንበኛው ነው፤ ሁለታችንንም የሠራን። ሲያየን ሊመለስ ነበር፣ በሩ ላይ ያዝነው።

«ና ግባ! ቤታችንን ለሁለት ከፈልከው እኮ! ምነው፣ ለልጆቻችን ውርስ ታካፍል ጀመር?» አለ ጎረቤቴ።

ግንበኛው ነጠላውን አስተካክሎ ተቀመጠ። ሰው ይህን ሁሉ ዓመት ቱምቢ ሲይዝ ቢኖር ንግግሩም ቀጥ ይላል። «እኔን ከመክሰሳችሁ በፊት ምስክር ልጥራ። መሠረቱን ስናወጣ ‹ይህ ዋልካ ነው፤ ጠልቀን ቆፍረን እናውጣው፣ በምትኩ ገረጋንቲ እየጠቀጠቅን እንሙላ፤ ከላይ በፌሮ ዙሪያውን የታሰረ አርማታ እናድርግበት› አላልኩም?»

«ብለሃል» አልኩ ቀስ ብዬ።

«አንተስ ምን አልከኝ?»

ጣሳዬን አየሁ። ጣሳው ውስጥ መልስ አልነበረም።

«‹መሠረት ማን ያየዋል? የሚታየው ቀለሙ ነው፤ ብሩን ለቀለሙ እናድርገው› አልከኝ። ይኸውልህ፣ አሁን መሠረቱ በስንጥቁ በኩል ታየ። ሁለቱንም አገኘህ።»

አንባቢ ሆይ፣ ይህንን ጎረቤቴ ፊት ነው የተናገረው። ጎረቤቴ ከደስታው ብዛት ለሁሉም አንዳንድ ጣሳ አዘዘ፤ ከዚያ ግንበኛው ወደ እሱ ዞረ። «አንተም የተናገርከው ያንኑ ነው። ልዩነታችሁ የቀለም ምርጫ ነው።»

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር፤ የእኔ ኃጢአት ግን አልተነገረም። ሦስት ጊዜ አስለስኛለሁ። ዋልካ አታላይ ነው። ክረምት ገብቶ ሲያብጥ ስንጥቁ ይገጥማል፤ ባለቤቱ «ዳነ» ይላል፣ ያስለስናል፣ ቀለም ያስቀባል፣ ለመስቀል እንግዳ ይጠራበታል። ጥር ይመጣል። መሬቱ ይነቃቃል፣ ግድግዳውም እንደገና እዚያው መሥመር ላይ። በሩም እንዲሁ ነው፤ ነሐሴ ላይ አልዘጋ ሲል አናጢ ጠርቼ በመላጊያ አስላግኩት፣ ሚያዝያ ላይ ድመት የሚያስገባ ክፍተት ተወ። እንደገና ነሐሴ፣ እንደገና መላጊያ። በሩ ስንት ክረምት ቢላግ መስኮት ይሆናል ብዬ ማስላት ጀምሬ ነበር። በሰፈራችን የሚባል ነገር አለ እንዳልል እኔው ነኝ የምለው፤ ሲመርጉት የከረሙትን ሲረግሙት ይከርማሉ።

«ለምን ግን ጥግ ጥጉን?» አለ ስማዴው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከምሩ።

ግንበኛው ጣሳውን ገልብጦ መደቡ ላይ ደፋው። «ይህ ቤቱ ነው። ከሥሩ መሐል ላይ ያለው አፈር ዝናብም ፀሐይም አያገኘውም፤ እንደ ለቅሶ ቤት ሽማግሌ ተቀምጦ ይከርማል። ዳር ዳሩ ግን ዝናብ ሲመጣ ቀድሞ ይጠጣል፣ ፀሐይ ሲመጣ ቀድሞ ይደርቃል። መሐሉ ተቀምጦ ዳሩ ሲጨፍር ቤቱ የት ይበጠሳል? ደካማው ላይ፤ የበርና የመስኮት ማእዘን ላይ።»

እትዬ ከጓዳ ብቅ አለች። የእሷ ቤት የባሕር ዛፍ ማገርና የጭቃ ምርጊት ነው። ወደ ምሥራቅ ትንሽ ያዘነብላል፤ ስንጥቅ ግን የለበትም። ጎረቤቴ ይህንን አይቶ አፉን ሊያሟሽ ፈለገ። «እትዬ፣ ቤትዎ እኮ ዘሟል።»

«የእኔ ቤት ይሰግዳል እንጂ አይሰበርም» አለችው። «እንጨት ነው፤ ሲገፉት ይጎነበሳል። የእናንተ ብሎኬት ኩሩ ነው፤ ለማንም አልጎነበስም ብሎ ተሰበረ። ባለቤቱን ነው የመሰለው።»

ከዚያ ወደ እኔ። «አሸንዳ አለህ?»

«የምን አሸንዳ?»

«የጣራ ነዋ! የጣራህ ጠፈጠፍ የት ነው የሚወርደው?»

«ከ… ከግድግዳው ሥር።»

ልጇን ጠራች፤ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ደብተሯን አምጥታ ጠየቀችኝ። ቤቴ ባለ 40 ቆርቆሮ ነው፣ ወደ 50 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት 1 ሊትር ውሃ ነው። በዓመት 1,000 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ፣ አለች ልጅቱ እርሳሷን እየነከሰች፣ 50,000 ሊትር። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲሆን 2,500 ጀሪካን።

ቤቱ ጸጥ አለ። እትዬ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

«2,500 ጀሪካን ውሃ ከጣራህ እያወረድክ ከመሠረትህ ሥር ትቀብራለህ። በጋ ላይ ደግሞ ሚስትህን ጀሪካን አሸክመህ ምንጭ ትልካለህ። ቤትህ መንገዳገዱ አይደለም የሚገርመኝ፤ እስካሁን አለመዝፈኑ ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው የሚባለው። አንተ ውሃውን ከሥሩ አደረግክና ነገሩን ከጠላ ቤት ትፈልጋለህ።»

እኔ ለዚህ መልስ የለኝም። በዚህ ዓምድ ስንት ሰው የመለስኩ ሰውዬ፣ የሰባተኛ ክፍል ደብተር አፌን ዘጋው።

ጎረቤቴ ያለቀ መስሎት ሲስቅ ወደ እሱ ዞረች። «አንተ ደግሞ ከግድግዳህ ሁለት ሜትር ላይ ባሕር ዛፍ ተክለሃል። በጋ ከቤትህ ሥር እርጥበቱን የሚመጠው እሱ ነው። የአንተ ቤት ጉዳይ የተለየ ነው፤ ጠጪው ዛፉ፣ የሚንገዳገደው ቤቱ።»

«ዛሬውኑ እቆርጠዋለሁ!» ብሎ ተነሣ።

«ቆይ!» አለ ግንበኛው። «ዛፉ ከቤቱ በፊት ነበር ወይስ በኋላ?»

«በኋላ።»

«እንግዲያው ቁረጠው። ጉቶው እንደገና እንዳያቆጠቁጥ ግን ነቅለህ ጨርሰው፤ ባሕር ዛፍ ቆረጥኩት ስትለው የተከረከመ ነው የሚመስለው። ዛፉ ከቤቱ በፊት የነበረ ቢሆን ነው ጣጣው፤ ስንት ዘመን ያደረቀው አፈር ዛፉ ሲሄድ እንደገና ውሃ ጠጥቶ ያብጥና ቤቱን ከታች ይገፋዋል። ለዛፍ ያለው ሕግ አንድ ነው፤ ቁመቱን ያህል ከቤት ይራቅ።»

አማቼ በዚህ መሐል «እስቴ ላይ ባሕር ዛፉን ከቤት አርቀን ነው የምንተክለው» አለ። ማንም አላመነውም። ባለቤቱ፣ እህቴ ማለት ናት፣ በሚቀጥለው ሳምንት ደውላ አረጋገጠችልኝ፤ ከጓዳው ግድግዳ ሦስት ሜትር።

በዚያው ምሽት ዳላስ ያለው የአክስቴ ልጅ ደወለ። «ምን እያደረግህ ነው?» ብለው «ቤቴን ውሃ እያጠጣሁ ነው» አለኝ።

«አበባውን ማለትህ ነው?»

«ቤቱን። መሠረቱን።»

መጀመሪያ ስልኩ የተበላሸ መሰለኝ፤ ከዚያ የአክስቴ ልጅ። እውነቱን ነው ግን። እነሱም ዋልካ ላይ ናቸው። የቴክሳስ አፈር ተብሎ የሚጠራው «ሂውስተን ብላክ» የእኛው ዋልካ የሥጋ ዘመድ ነው፤ በበጋ እንዳይነቃቃባቸው በመሠረቱ ዙሪያ ቀዳዳ ያለው የላስቲክ ቱቦ ዘርግተው እርጥበቱ እኩል እንዲሆን ያጠጡታል። እ.ኤ.አ. በ1973 ሁለት አሜሪካውያን መሐንዲሶች የሚያብጥ አፈር በአገራቸው በዓመት የሚያደርሰው ጉዳት ከጎርፍ፣ ከአውሎ ነፋስና ከመሬት መንቀጥቀጥ ድምር እንደሚበልጥ ጽፈው ነበር። ለእትዬ ይህንን ብነግራት «እኛ ለሰው ውሃ አጥተን እነሱ ቤት ያጠጣሉ?» አለች። ቆየት ብላ ደግሞ፦ «ቢሆንም ከአንተ ይሻላሉ። እነሱ በበጋ ያጠጣሉ፤ አንተ በክረምት ታሰጥማለህ።»

ቁም ነገሩ ከሁለቱም አገር አንድ ነው። ዋልካን የሚያሳብደው ውሃው ራሱ ሳይሆን የውሃው መጥቶ መሄድ ነው። ሁልጊዜ እርጥብ ወይም ሁልጊዜ ደረቅ የሆነ ዋልካ ጨዋ ነው። አንዴ ጠግቦ አንዴ የሚጾም ግን ቤት ያፈርሳል።

እንግዲህ ከተሸነፍኩ በኋላ ያደረግኩትን ልናገር፤ ግንበኛው ነው ያዘዘኝ። ስንጥቁን አልለሰንኩም። በሁለቱ ጫፍ በእርሳስ ምልክት አድርጌ ቀኑን ጻፍኩበት፤ አንድ ዙር፣ በጋና ክረምት፣ መራመዱን አይቼ ነው የሚታከመው። በጓሮው ማእዘን እጥቢ መድፋት ቀረ። ከግድግዳው ጀምሮ መሬቱን በአፈር ሞልቼ ወደ ውጭ አዘነበልኩት፤ 3 ሜትር ሲሄድ ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር እንዲወርድ። ዙሪያውን ድንጋይ አነጠፍኩ፣ ከንጣፉ ማዶ ቦይ ቆፈርኩ። ቦዩ መጀመሪያ ወደ ጎረቤቴ ግድግዳ ያመራ ነበር። ቀን ሙሉ ቆፍሬ ስጨርስ ነው ያስተዋለው።

«ይህ ቦይ ነው ወይስ ደብዳቤ? አድራሻው የእኔ ቤት ነው» አለኝ። እንደገና ቆፈርን፤ አብረን፣ ወደ መንገዱ ተፋሰስ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ስንጥቁ ከቀጠለ ከመሠረቱ ሥር ወርዶ መደገፍ አለ፤ እሱን ግንበኛው ይሥራው። የምነግራችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አንድ ሜትር ቆፍሮ፣ ሞልቶ፣ አስጠንክሮ፣ ከዚያ ዘልሎ ሌላውን ነው የሚሄደው። አንድ ጎን በአንዴ ሙሉ የቆፈረ ሰው ከዚያ በኋላ ስለ ስንጥቅ አይጨነቅም፤ የሚሰነጠቅ ግድግዳ አይኖረውምና።

አዲስ የምትሠሩት ደግሞ፣ ምሪቱን ስትረከቡ «ስንት ካሬ ነው?» ከማለታችሁ በፊት «ምን አፈር ነው?» በሉ። አያቶቻችን ዋልካውን ለጤፍና ለሽንብራ ለቀው ጎጇቸውን ጭንጫው ላይ ያቆሙት እርሻው አልበቃቸው ብሎ ብቻ አልነበረም። እኛ እንስራ የማያስቀምጡበት ቦታ ላይ ፎቅ እናቅዳለን።

አሁን ግንቦት ነው። ስንጥቄ ላይ የጻፍኩት ቀን ግንቦት 12 ነው፤ ስፋቱ አንድ ጣት ተኩል። ጎረቤቴም የእሱን ጻፈ፤ አንድ ጣት፣ ግንቦት 13፣ በቀይ እስክሪብቶ፣ ሊበልጠኝ ብሎ። ጥቅምት ላይ ጎራ በሉና እዩልን፤ ጠላው በተሸነፈው ነው።

አሸንዳ ልገዛ ደብረ ታቦር ወርጄ ነበር፤ ይበቃኛል ብዬ አምጥቼ ስለካው 4 ሜትር አጠረኝ። በዚህ ሳምንት ወደዚያ የምትወርዱ ካላችሁ ያችን 4 ሜትር ይዛችሁልኝ ኑ። ሰኔ ሊገባ ነው።